«ሼሆቹ ምን አሉ?»

ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ወገኖቻችንን ሲገድል የሚያሳየው ቪዲዮ በወጣ ሰሞን፣ ሰፈራችን ካለች አንዲት ሱቅ ደጃፍ ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ባለሱቁ የስልጤ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ለመሥራት መጥቶ እዚያችው ባንኮኒ ሥር ጎረመሰ። ከፊቴ የቆሙት ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ስኳራቸውን እየተቀበሉ፣

«አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ሼሆቹ ምን አሉ?» አሉት።

«አውግዘዋል እትዬ። በሬዲዮ ተናግረዋል አሉ።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«እኔም አልሰማሁም። ቂርቆስ ልቅሶ ቤት ነበርኩ።»

ከሟቾቹ ሁለቱ የቂርቆስ ልጆች ነበሩ። ሴትዮዋ መልስ አልሰጡም፤ መልሳቸውን ቆጥረው ሄዱ።

ክፉ ሰው አይደሉም። የዚህ ልጅ ሚስት ስትወልድ ገንፎ ይዘው ከገቡት የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም እኔም በሆዴ እየጠየቅሁት ነበር። ምን ለማወቅ ፈልገን ነበር? ሼሆቹ ግድያውን ይደግፋሉ ብሎ የጠረጠረ ከመካከላችን አልነበረም። የምናውቀውን ነገር ነበር የምንጠይቀው።

ድሮ በየገጠሩ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር አፈርሳታ ይጠራ ነበር፤ አውጫጭኝም ይሉታል። የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ የመጣው ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይምላል። ወንጀለኛው ካልተገኘ ዕዳውን አገሬው ተካፍሎ ይከፍላል። ንጹሑን ከሥራው አፈናቅሎ ፀሐይ ላይ የሚያውል አስቸጋሪ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የራሱ አመክንዮ አለው። ሰው የሚሰበሰበው ሌባው ስላልታወቀ ነው። በሊቢያው ጉዳይ ግን ገዳዩ ራሱ ካሜራ ደቅኖ፣ ባንዲራ ሰቅሎ «እኔ ነኝ» ብሏል። የሚወጣጣ ምስጢር የለም። ታዲያ የስልጤው ልጅ ሜዳ ላይ የሚቆመው ምን ሊናገር ነው?

ቃሉን ራሱን እንመልከተው። «ማውገዝ» ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች አርዮስን ሲያወግዙ ከማኅበሩ ቆርጠው መለየታቸው ነበር። ይህን ማድረግ የቻሉት አርዮስ የእስክንድርያ ካህን፣ የቤታቸው ሰው ስለነበረ ነው። ጉባኤ የሌላ ቤት ሰው አያወግዝም። እንግዲህ አንዱን «እገሌን አውግዝ» ስንለው፣ ሳናስበው «እገሌ ያንተ ነው» ብለን ጀምረናል። ባለሱቁ «አወግዛለሁ» ባለ ቁጥር ገዳዩን ያርቃል፤ በዚያው አፍታ ደግሞ ገዳዩ የሱ ቤት ልጅ እንደነበረ ይፈርማል። ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣ መልስ የለም።

በእስልምና ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። አንድን ሙስሊም «ካፊር ነህ» ብሎ ከሃይማኖቱ ማውጣት ተክፊር ይባላል። ኸዋሪጆች የተባሉት የጥንት ወገኖች በዚህ መንገድ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ661 ኸሊፋውን ዓሊን የገደለው ከእነሱ አንዱ ነበር። አይሲስም የማይስማማውን ሙስሊም የሚያርደው ይህንኑ ሰይፍ መዞ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2004 ከዮርዳኖሷ አማን የወጣው መልእክትና በማግስቱ ዓመት እዚያው የተሰበሰቡት ከ50 አገሮች የመጡ ወደ 200 የሚጠጉ ዑለማዎች አጥብቀው ከያዙት ነገር አንዱ ተክፊርን መከልከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የግብፁ አል-አዝሀር የአይሲስን ድርጊት ኮንኖ ሲያበቃ «ካፊሮች ናቸው» ለማለት ፈቃደኛ ሳይሆን ሲቀር፣ ብዙ ሰው ይህን እንደ ልፍስፍስነት አየው። እኔም ያኔ ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ከሃይማኖት አውጧቸው እያልን የምንጠይቀው የገዳዮቹን መሣሪያ እንዲያነሱ ነበር።

አላወገዙም የሚለው እንግዲህ ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። በሴፕቴምበር 2014 ከ120 በላይ ዑለማዎች ለአይሲሱ መሪ ለአቡበከር አል-ባግዳዲ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው፣ ራሱ በሚጠቅሳቸው ምንጮች ክርክሩን አንድ በአንድ አፈረሱበት። ፓኪስታናዊው ሙሐመድ ጣሂር አል-ቃድሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ላይ ሽብርን የሚኮንን 600 ገጽ የሚሆን ፈትዋ አወጡ። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች አንዲት ወጣት ደግሞ፣ የክፍል ጓደኛዋ «ሙስሊሞች ለምን አያወግዙም?» ሲላት፣ ያወገዙትን መልቀም ጀመረች። ዝርዝሩ 712 ገጽ ሆነ። ከሰማሁት ሁሉ እንዲህ ያለ አሳዛኝ መጽሐፍ የለም፤ አንዲት ልጅ ያልሠራችውን ወንጀል አልሠራሁም ለማለት 712 ገጽ ያስፈልጋታል።

ለምን አይሰማም? ግማሹ መልስ ተራ የዜና አሠራር ነው። ቦምብ ዜና ነው፤ መግለጫ ዜና አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2015 በአሜሪካ የደረሱ ጥቃቶችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ጥቃት አድራሹ ሙስሊም ሲሆን ዜናው በ357 በመቶ እንደሚበልጥ አስልተዋል። ውግዘቱ የሚሰማበት ኹጥባ፣ የመስጊዱ ስብከት፣ ግን በጁሙዓ፣ በመስጊዱ ቋንቋ፣ ለሰጋጁ ይነገራል። እትዬ በዚያ ሰዓት ቤታቸው ሽንኩርት እየከተፉ ነው። ያልሰሙትን «አልተባለም» ይሉታል። ጆሮ የደረሰበትን ብቻ ነው የሚመሰክረው።

ሌላው ግማሽ ግን ለሙስሊም ወዳጆቼም የማይመች ነው፤ ልዝለለው ብል ደግሞ አላምንበትም። «እናወግዛለን፤ ግን…» የሚል ውግዘት አለ። ዕውቁ የእስልምና ሊቅ ሼህ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ የሴፕቴምበር 2001ን የኒው ዮርክ ጥቃት ኮንነዋል፤ እስራኤል ውስጥ ለሚፈጸመው የአጥፍቶ መጥፋት ጥቃት ግን ፈቃድ ሰጥተዋል። ይህን የሰማ አድማጭ ቀጥሎ የሚመጣውን መግለጫ በጥርጣሬ ቢሰማ አይፈረድበትም። «ግን» የምትለው ቃል ከፊቷ ያለውን ሁሉ ትበላለች።

እዚህ ላይ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ ይጠቅመናል። ከናዚ ውድቀት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፉ ጥፋተኝነትን በአራት ከፈለው፤ የወንጀል፣ የፖለቲካ፣ የኅሊናና ከእነዚህ ሁሉ አልፎ ሰው በመሆናችን ብቻ የሚነካን። በፖለቲካው ዜጋ ሁሉ ስለ መንግሥቱ ይጠየቃል፤ በወንጀልና በኅሊና ግን ሕዝብ በጅምላ አይከሰስም። ሃይማኖት ደግሞ መንግሥት አይደለም፤ ባለሱቁ ለአይሲስ ግብር አልከፈለም፣ ድምፅም አልሰጠም። ስለዚህ ሚምበር ላይ የሚወጣን ኸጢብ፣ ወጣት የሚሰማውን ሰባኪ፣ «በዚህ ጉዳይ ምን ታስተምራለህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ሥራው ነውና። ስኳር የሚመዝነውን ልጅ መጠየቅ ግን አፈርሳታ ነው።

ማውገዝ ደግሞ ሁልጊዜ በአፍ አይደለም። ኦክቶበር 14 ቀን 2017 ሞቃዲሾ ዞቤ መገናኛ ላይ የፈነዳው የጭነት መኪና 600 የሚጠጋ ሰው ፈጀ፤ ሟቾቹ ከሞላ ጎደል ሙስሊሞች ነበሩ። በቀናት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ግንባሩን በቀይ ጨርቅ አስሮ አደባባይ ወጣ። ኬንያ ውስጥ ደግሞ፣ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ወደ ማንዴራ የሚሄድ አውቶቡስ አልሸባብ አስቆመና ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ እንዲለይ አዘዘ። ከዓመት በፊት በዚያው አካባቢ እንዲህ ተለይተው 28 ሰዎች ተረሽነዋል፤ ትእዛዙ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሴቶቹ ለክርስቲያኖቹ የራሳቸውን መሸፈኛ አከናነቧቸው፤ ተሳፋሪው አንለይም አለ። መምህር ሳላህ ፋራህ እምቢ ካሉት አንዱ ነበር፤ ተመታ፣ ጥር ላይ ናይሮቢ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ይህን የምጽፈው ሙስሊም ሁሉ እንዲህ ይሁን ለማለት አይደለም። እኔ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ከሰው ጀግንነትን እንደ መታወቂያ መጠየቅም ነውር ነው። የባለሱቁም መልስ ግን ከዚሁ ወገን ይመስለኛል። መግለጫውን ያልሰማው ልቅሶ ተቀምጦ ስለነበረ ነው።

ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም፣ ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ። በማግስቱ እዚያችው ሱቅ ሄጄ ሁለት ዳቦና ክብሪት ገዛሁ። አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ ባለሱቁ «ቄሶቹ ምን አሉ?» ብሎ አልጠየቀኝም። መልሴን ሰጠኝ። እኔም ነገሩን አላነሳሁበትም፤ «እንዴት አደርክ» ብቻ ብዬው ወጣሁ።