ስለ አንደበትና ስለ ጆሮ

ሰው ከእንስሳ የሚለይባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዐሳቡን በቃል ገልጦ ለባልንጀራው ማስታወቁ ነው። ይህም ሲሆን፣ በቤቱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ ደኅና አድርጎ የሚጫወት ሰው፣ ከጉባኤ መካከል «ተነሥተህ ተናገር» ቢሉት ጕልበቱ ይብረከረካል፣ ምላሱም ይታሰራል። በዕድር ስብሰባ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ወይም ሦስት አንደበተ ርቱዓን ይናገራሉ፤ የቀረው ዝም ብሎ ይሰማል። ስብሰባው ከተፈታ በኋላ ግን ያ ዝም ያለው ሁሉ ከደጅ ቆሞ ያጕረመርማል። በውስጥ ያልተነገረው ምክር በውጭ ሐሜት ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ መናገር አለመቻል የአንድ ሰው ጕድለት ብቻ አይደለም፤ የማኅበሩም ጕዳት ነው።

ስለዚህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው። ሰው መናገርን በምን ይማራል? ብቻውን በመድከም ነውን? ወይስ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል?

የጥንቱ የግሪክ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ ለዚህ ነገር ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ምላሱን ለማቃናት ጠጠር ጐርሶ ይለማመድ እንደ ነበረ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርኮስ ግን ከዚህ ሌላ ነገር ደግሞ ጽፎልናል። ዴሞስቴንስ በአቴና ሕዝብ ፊት ተናግሮ ሳይሰሙት ቢቀሩ፣ ራሱን ተከናንቦ እያዘነ ወደ ቤቱ ሄደ። ሳቲሮስ የሚባል የቴአትር ተጫዋች ወዳጁ ግን ተከተለው። ሳቲሮስም ከባለቅኔዎች ግጥም ጥቂት በቃሉ እንዲያሰማው ለመነው፤ ካሰማውም በኋላ፣ ያንኑ ቃል በሚገባው ድምፅና አኳኋን መልሶ አሰማው። ዴሞስቴንስም ቃሉ ፈጽሞ ሌላ ቃል የሆነ መሰለው። ከዚያ ወዲያ ከምድር በታች የመለማመጃ ቤት ሠርቶ በትጋት ይደክም ጀመር። ጠጠሩን ሁሉም ያስታውሳል፤ ሳቲሮስን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

በእኛ ዘመን አቅራቢያ ይህን የሳቲሮስን ሥራ በማኅበር ሥርዓት ያቆመው ራልፍ ስሜድሊ የተባለ አሜሪካዊ ነው። እርሱ በኢሊኖይ ግዛት በብሉሚንግተን ከተማ በወወክማ የትምህርት ኀላፊ ሆኖ ሳለ፣ ወጣቶቹ በስብሰባ ለመናገርም ሆነ ስብሰባ ለመምራት መቸገራቸውን አየ። ስለዚህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓመት የንግግር ማኅበር አቋቋመላቸው። እርሱ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር ግን ማኅበሩ ጠፋ፤ በአንድ ሰው ትጋት ብቻ የቆመ ነገር ዕድሉ ይህ ነውና። ይሁን እንጂ ተስፋ ሳይቈርጥ፣ በ1924 ዓመት በካሊፎርኒያ በሳንታ አና ከተማ፣ ከወወክማ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ እንደ ገና ጀመረ። ስሙም ቶስትማስተርስ ተባለ፤ ይኸውም በግብዣ ላይ ተናጋሪዎችን በየተራ የሚያስነሣ አጋፋሪ ማለት ነው። ዛሬ ማኅበሩ ከ140 በሚበልጡ አገሮች ይገኛል፤ በአዲስ አበባም በዚሁ ሥርዓት የሚሰበሰቡ አሉ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ተዘጋጅቶ የመጣው አባል አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይናገራል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ምልክትም ጊዜውን ያስታውቀዋል። ሌላው ያላሰበበት ጥያቄ በድንገት ተሰጥቶት ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይመልሳል። አንዱ ሰዓት ይጠብቃል፤ አንዱ ደግሞ ተናጋሪው ቃል ሲጠፋው «እ... እ...» ያለውን ይቈጥራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ንግግሩን ሰምቶ፣ ያማረውንና የጐደለውን በጉባኤው ፊት የሚያስረዳው ሐያሲ ነው። ሰውን በሰው ፊት መንቀፍ ማዋረድ አይደለምን? የሚል ይኖራል። አይደለም፤ ስለ ምን ቢሉ፣ የዛሬው ሐያሲ በሚመጣው ስብሰባ ተናጋሪ ይሆናልና፣ በሰፈረበት ቍና እንዲሰፈርለት ያውቃል። ስለዚህ ተናጋሪው አንደበቱን ሲማር፣ ሐያሲው ከዚያ የሚከብደውን ይማራል፤ ይኸውም እውነትን ሳይሸሽጉ፣ ሰውንም ሳይሰብሩ መናገር ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ይነግረዋል። መምህሩም ቤቱ የተሰበረውን ያቃናለታል፣ ምሥጢሩ የጐደለውን ይነቅፍበታል። ተማሪው ያፍራል፤ በማግሥቱ ግን ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በቅኔ ቤት የሚያርመው መምህር ሥልጣን አለው፤ በንግግር ማኅበር ግን እኩያ እኩያውን ያርማል። ከእውነትና ከፍቅር በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «አንደበትን ማሳመር ሐሰትን ማስጌጥ አይሆንምን?» ይላል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ቀድሞ በበልሀ ልበልሃ ሙግት፣ እውነት የያዘው ሰው አፉ ባለመፍታቱ ሊረታ፣ ሐሰተኛውም በአንደበቱ ብርታት ፈርዶለት ሊሄድ ይችል ነበር። የንግግር ማኅበርም ድምፅንና ሰዓትን ብቻ የሚያርም ከሆነ፣ ለሌባ ቍልፍ እንደሚሠራ አንጥረኛ ይሆናል። መድኃኒቱ ግን ዝምታ አይደለም። እውነተኛው ዝም ካለ ሸንጎው ለሐሰተኛው ይቀራል። መድኃኒቱ ሐያሲው «እንዴት አሳምረህ ተናገርህ» ከማለት ጋራ፣ «የተናገርኸው እውነት ነውን? የሚጠቀምበትስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ ነው።

ማኅበርም ራሱ እንደ ሰው ሐያሲ ያስፈልገዋል። ያ የአባሎቹን «እ...» እንኳ አንድ በአንድ ይቈጥር የነበረ ማኅበር፣ እስከ 1973 ዓመት ድረስ ሴቶችን በአባልነት አይቀበልም ነበር። ሄለን ብላንቻርድ የተባለች ሴት በ1970 ዓመት የገባችው ሆሜር በሚል የወንድ ስም ተመዝግባ ነው። ይህችው ሴት በ1985 ዓመት የዓለም አቀፉ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ከሴቶችም የመጀመሪያዋ እርስዋ ናት። ትንሹን ስሕተት የሚሰማው ጆሮ ትልቁን ስሕተት 50 ዓመት ያህል አልሰማም፤ ሊነግሩት የሚችሉት ከደጅ ቆመው ነበሩና።

አንባቢ ሆይ፣ ተረታችን «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ይላል። እኔ ግን ብልህ ማለት ንገሩኝ ብሎ የሚለምን ይመስለኛል። በሠርግ ወይም በለቅሶ ቤት ተናግረህ ስትቀመጥ «ግሩም ነው» የሚልህ ብዙ ነው፤ ይህም የአገራችን መልካም ጠባይ ነውና አትናቀው። ዳሩ ግን ከእነዚያ መካከል አንዱን ወደ ጎን ጠርተህ «የጐደለኝ ምንድር ነው?» ብለህ ጠይቀው። የሚነግርህንም ሳትቈጣ ስማው። በሚመጣው የዕድር ስብሰባ ደግሞ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ጎረቤትህን «አንተስ ምን ትላለህ?» በለው፤ በደጅ የሚናገረውን በውስጥ እንዲናገር።