የእረኛው ውሻና ቀይ ቀበሮው

ውሻ እስከ የት ድረስ መሄድ ይገባዋል? ጥያቄው ለብዙዎቻችን ቀልድ ይመስላል። እኛ ዘንድ ውሻ ደጅ ጠባቂ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ብለን ታማኝነቱን እናመሰግናለን፤ ሲከፋን ደግሞ ስሙን ለስድብ እናውለዋለን። ስለ መብቱና ስለ ድንበሩ ግን አንነጋገርም።

እንግሊዞች ይነጋገራሉ። ውሻን አስከትሎ በባሕር ዳርቻ መንሸራሸር የቆየ ልማዳቸው ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የአካባቢ ምክር ቤቶች ዋናተኛና ሕፃናት በሚበዙባቸው ዳርቻዎች በሞቃቱ ወራት ውሻ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ሌሎቹን ዳርቻዎች ክፍት ይተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕጋቸውም ለሕዝብ በተከፈቱ ገላጣ መሬቶች ላይ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ውሻ በአጭር ገመድ እንዲያዝ ያዛል። ምክንያቱም ወቅቱ ወፎች መሬት ላይ ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉበት በመሆኑ ነው።

በእኛም አገር ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል፤ የተነሣው ግን ለሽርሽር ሲባል አይደለም። ከዳባት ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስቆረጠው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የተጓዘ ሁሉ በየገበሬው ደጅ የሚጮኸውን ውሻ ያውቀዋል። ይህ ውሻ ጌጥ አይደለም። ጅብና ነብር በግ እንዳይነጥቁ ሌሊቱን ነቅቶ ያድራል። ደመወዙ ፍርፋሪ ነው፤ ፍርፋሪው ስለማይበቃውም ምግብ ፍለጋ ሲዞር ይውላል።

ከእርሻው በላይ፣ ጅብራ በሚበቅልበት ውርጫማ ከፍታ፣ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር አገር የለውም። በመላ አገሪቱ የቀረው 500 ገደማ ቢሆን ነው፤ አብዛኛው በባሌ ሲሆን የሰሜን ተራሮቹ ጥቂት ናቸው። አይጥና ፍልፈል እያደነ የሚኖረውን ይህን እንስሳ በጅምላ የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 በሽታው በባሌ በተነሣ ጊዜ ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። የበሽታው ምንጭ ደግሞ ሰው የሚያሳድገው ውሻ ነው።

እንግዲህ በደለኛው ማን ነው? ውሻው አይደለም፤ ከዱር አውጥቶ ያላመደው ሰው ነው። እረኛው ነው እንዳንል፣ ያለ ውሻ መንጋውን ሊጠብቅ አይችልም። «ውሻህን አስወግድ» ብሎ ማዘዝ ከሩቅ ላለ ሰው ቀላል ነው። እንግሊዛዊው ውሻውን ይዞ ወደ ባሕር እንዳይወርድ ሲከለከል የሚቀርበት የአንድ ከሰዓት ሽርሽር ነው። የሰሜን ገበሬ ውሻውን ሲያጣ በጎቹን ያጣል። ክልከላው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ሸክሙ አንድ አይደለም።

የአካባቢው ሰው ቀደም ሲልም ብዙ ከፍሏል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁት ቅርሶች ተርታ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። ከመውጣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀዬአቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ቅርሱ የዓለም ሲባል ዋጋውን የከፈለው ጎረቤቱ ነበር።

መርዝ መበተን ይረክሳል የሚል አይጠፋም፤ በከተሞቻችን የታየ ነገር ነው። ነገር ግን በሞተው ውሻ ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይተካል፤ በሽታውም ይቀጥላል። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው መከተብን ነው፤ በአንድ አካባቢ ቢያንስ 70 በመቶው ውሻ ከተከተበ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። መርፌው የሚያድነው ቀበሮውን ብቻ አይደለም። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውን ከሞት የሚያስጥል መድኃኒት የለውምና፣ የተከተበ ውሻ የእረኛውንም ልጅ ይጠብቃል።

ስለዚህ ውሻውን ከከፍታው እንዲያርቅ እረኛውን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከመጠየቃችን በፊት ግን ክትባቱ በነፃ ደጁ ድረስ ይድረስለት፤ ነብር ለወሰደበት በግም ካሣ ይታሰብለት። ቀይ ቀበሮ እንዳይጠፋ የምንመኝ የከተማ ሰዎች የምኞታችንን ሂሳብ ለደባርቅ ገበሬ ብቻ ልንተውለት አይገባም።