ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ልጄ፣ ነጩን ጋውን ለብሰሽ ካምፓላ ሙላጎ ኮረብታ ወዳለው የሕክምና ትምህርት ቤት መመላለስ ከጀመርሽ ወዲህ ፊትሽ ላይ ድካም አያለሁ። ማታ ካንሳንጋ ቤትሽ ስትገቢ መጽሐፉን ደረትሽ ላይ እንደያዝሽ ትተኛለሽ ብለው አብረውሽ የሚኖሩት ነግረውኛል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ የቆሎ ተማሪ ያሳደጉ አባቶች። ጋውኑ ደርሷል፣ ያምርብሽ። አሁን ትምህርቱን እንነጋገር። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጎንደር ውስጥ ለጤና ተማሪዎች የፊዚዮሎጂን የላቦራቶሪ ልምምድ በማሳየት ስለሆነ፣ ተማሪ የት ላይ እንደሚሰናከል በደንብ አውቃለሁ።

የሚሰናከለው መጀመሪያው ላይ ነው። የሴል ሽፋን፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ የነርቭ ምልክት ሲባል ተማሪው «ይሄ ምን ያደርግልኛል፣ ልብና ሳንባ መቼ ነው?» ብሎ ይቸኩላል። ለፈተና ያህል ይሸመድደውና ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልብ ላይ ሲደርስ የልብ ምት እንዴት እንደሚነሣ አይገባውም፣ ኩላሊት ላይ ሲደርስ ጨው ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋበታል፤ ሁሉም የተሠራው እዚያ በናቀው ሽፋን ላይ ነውና።

አንድ ነገር ላሳይሽ። እኛ አገር «ለምለም» የምንለውን የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ታውቂዋለሽ። ጨው፣ ስኳርና ጥቂት ሌላ ነገር ነው፤ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ኮሌራ የያዘው ሰው አንጀቱ ውሃና ጨው እያፈሰሰ ነው፣ ታዲያ በአፉ የሰጠሽው ውሃ እንዴት ይገባለታል? ሮበርት ክሬን የሚባል ሳይንቲስት በ1960 እ.ኤ.አ. የተናገረው ነገር መልሱን ያዘ፦ በአንጀት ሴል ሽፋን ላይ ስኳርና ሶዲየም ተያይዘው የሚገቡበት በር አለ። የኮሌራው መርዝ ይህን በር አይዘጋውም። ስኳሩ ሶዲየሙን ይዞ ይገባል፣ ውሃው ይከተላል። በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ በገቡ ስደተኞች ካምፕ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሲያልቅበት ይህንኑ ጨውና ስኳር በውሃ እያስበጠበጠ በገፍ አደለ፤ ከመቶ ሠላሳ ያህል ይገድል የነበረው በሽታ ከመቶ አራት እንኳ ወደማይሞላ ወረደ። ልጄ፣ ያንቺን አሰልቺ ምዕራፍ ያነበበ ሰው ነው ይህን ሕይወት ያተረፈው። ስለዚህ ሽፋኑን አትለፊው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ፤ የዛሬውን ትምህርት ዛሬ ማታ መጽሐፉን ዘግተሽ ከአእምሮሽ ሣዪው፣ የጎደለውን ነገ ጠዋት ትሞዪዋለሽ።

መጽሐፉ የሚለውን ገበያም ውስጥ ታዪዋለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦዊኖ ልብስ ልትገዢ ትሄጃለሽ አይደል? መዝገብ ላይ ቅዱስ ባሊኩዴምቤ ገበያ ነው፣ በ1885 በሰማዕትነት በሞተው ክርስቲያን ስም፤ ሕዝቡ ግን እስካሁን ኦዊኖ ነው የሚለው። እዚያ ገበያ ከናኪቩቦ ስታዲየም በኩል ስትገቢ ለጥቂት ጊዜ ቁሚና የቦንዳ ተሸካሚዎቹን ተመልከቺ። ሰውዬው ይንበረከካል፣ ጓደኞቹ ቦንዳውን ጀርባው ላይ ያደርጉለታል። ከመነሣቱ በፊት ትንፋሹን ይይዛል። ያኔ አንገቱን እዪው፦ ሁለቱ የደም ሥሮች ገመድ መስለው ይወጣሉ። ቆሞ ትንፋሹን ሲለቅ ወዲያው ይጠፋሉ።

ለምን? አሁን እዚያው ገበያው መሐል ጠይቂ። ትንፋሹን ይዞ ሆዱን ሲያጠብቅ በደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ከጭንቅላትና ከእጅ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ መግባት ይከለከላል። ስለዚህ አንገቱ ላይ ይጠራቀማል። ልብ ተመልሶ ያልመጣለትን ደም መርጨት አይችልም፣ የሚረጨው ይቀንሳል። አንገት ላይ ባለው የካሮቲድ ቧንቧና ከልብ በላይ በሚታጠፈው ትልቁ የደም ቧንቧ ላይ ያሉ ግፊት ለካኞች ይህን ያውቁና የልብ ምትን ያፋጥናሉ። ትንፋሹ ሲለቀቅ የተጠራቀመው ደም በአንድ ጊዜ ይገባል፣ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል፣ ለካኞቹ ደግሞ ምቱን ዝቅ ያደርጉታል። መጽሐፍሽ ውስጥ «የቫልሳልቫ ድርጊት» ተብሎ በአራት ደረጃ የተጻፈው ይህ ነው። አራቱን ደረጃ ከመሸምደድ ይልቅ ሰውዬውን አስታውሺ፤ ፈተና ላይ ደረጃዎቹ ራሳቸው ተከትለው ይመጣሉ።

ከዚያ ደግሞ ማቶኬ የሚባለውን አረንጓዴ ሙዝ ወይም አትክልት በራሳቸው ተሸክመው የሚሄዱትን ሴቶች እዪ። ኬንያ ውስጥ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች ላይ በ1986 በታተመ ጥናት፣ እስከ ሰውነታቸው ክብደት 20 በመቶ ድረስ ሲሸከሙ የሚጠቀሙት ኦክስጅን ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት አልጨመረም። ከዚያ በላይ ነው ዋጋው የሚቆጠረው። በ1995 ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ ሸክም ሲኖራቸው አረማመዳቸው ከአንዱ እርምጃ ወደ ሌላው ጉልበት ብዙ ሳያባክን እንደሚያስተላልፍ አገኙ። እነዚያ ሴቶች ጥበቡን ያወቁት ከልጅነታቸው ጀምሮ በመሸከም ነው፤ ሳይንቲስቱ ሊለካው የመጣው በኋላ ነው። ይህን ሳስብ አከብራቸዋለሁ፣ አንቺም አክብሪያቸው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት አፍጥጠሽ አትቁሚ፣ መንገድም አትዝጊበት። ማናገር ከፈለግሽ «ሴቦ»፣ «ንያቦ» ብለሽ ሰላም በዪ፣ ውሃ ግዢላቸው፣ ሳትጠይቂ ፎቶ አታንሺ። ነገ የሚታከሙት አንቺ ዘንድ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ የደም ግፊት ስትለኪ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ መዝግበሽ አትውጪ። ጆሮሽን ክፈቺ። መለኪያው ክንድን አጥብቆ ሲይዝ ድምፅ የለም፣ ደም አያልፍምና። ቀስ ብለሽ ስትለቂው ደሙ በጠበበው ቧንቧ እየተናወጠ ያልፋል፣ ያኔ ኳ ኳ ይላል። ቧንቧው ሙሉ ሲከፈት ዝም ይላል። ውሃን ምን ያናግረዋል? ድንጋይ። ኮሮትኮቭ የሚባል ሩስያዊ ሐኪም ይህን ድምፅ በ1905 ለሕክምና አዋለው፤ ወላጆቻችን ግን በወንዝ ዳር ተቀምጠው ነገሩን ያውቁት ነበር።

ኩላሊት ላይ ስትደርሺ ብዙዎች ይሰለቻሉ። አንቺ ቁጥሩን ዕቃ አድርገሽ አስቢው። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ። በካምፓላ ቤት ሁሉ ያለችው ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ትይዛለች፣ ስለዚህ ዘጠኝ ጀሪካን ነው። ከዚያ ውስጥ በሽንት የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የቀረው የት ሄደ? ማን መለሰው? በየትኛው ቱቦ፣ በምን ጉልበት? እነዚህን ጥያቄዎች ከመለስሽ የኩላሊትን ምዕራፍ ጨረስሽ ማለት ነው። እናትሽ ከደብረ ብርሃን ስትደውል፣ የደም ግፊት ክኒኗን ከወሰደች በኋላ ለምን ሽንት ሽንት እንደሚላት አስረጂያት። ጨው ከቱቦው እንዳይመለስ ክኒኑ እንደሚከለክል፣ ውሃውም ጨውን ተከትሎ እንደሚወጣ በእርሷ አማርኛ ማስረዳት ከቻልሽ ገብቶሻል። ካልቻልሽ ገና ነው፣ ተመለሺና አንብቢ።

መጽሐፉን እመኚ፣ ግን የማን ሰውነት ላይ እንደተለካ ጠይቂ። ከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው አየሩ ስለሚሳሳበት ቀይ የደም ሴሉ ይበዛል ተብሎ ተጽፏል። አንዲስ ተራሮች ላይ የተለካው እንዲያ ነው። እኛ አገር ግን ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ሲንቲያ ቢል የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ለክተው በ2002 አሳተሙ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆነ፣ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌትም 95 በመቶ አካባቢ ነበር። ቆላ የሚኖር ሰው ሊኖረው የሚችለው ቁጥር ነው። በኋላ ደግሞ ባሌ ከፍታ ላይ የተሠራ ጥናት ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ አገኘ። የአንድ አገር ሰዎች፣ ያውም ሁለቱም ከፍታ ላይ እየኖሩ፣ መልሳቸው ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። አንቺ የደጋ ልጅ ሆነሽ 1,200 ሜትር አካባቢ ወዳለች ካምፓላ ወርደሻል፤ የራስሽን የልብ ምት በየሳምንቱ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ ቆጥረሽ ደብተር ላይ ጻፊ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ መለካትን ትለምጃለሽ።

ክፍል ውስጥ ዝም አትበዪ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። እንግሊዝኛዬ ይሰበራል ብለሽ ጥያቄሽን የዋጥሽ ቀን ጥያቄው ፈተና ላይ ይጠብቅሻል። የማኬሬሬ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ1924 ጀምሮ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ አይቷል፣ የማንም አነጋገር አዲስ አይሆንባቸውም።

ብቻሽንም አትሸከሚው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ካባላጋላ ያሉት ሁለቱ የሐበሻ ልጆችና የክፍልሽ ዩጋንዳዊት ጓደኛሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ይምጡ፣ ቡናውን እኛ እናፈላለን። እያንዳንዳችሁ አንድ ምዕራፍ ይዛችሁ፣ መጽሐፍ ሳትገልጡ ለሌሎቹ ታስተምራላችሁ። የሚሰማው ሰው ሥራው አንድ ነው፣ በየዓረፍተ ነገሩ «ለምን?» ማለት። ለመጀመሪያው እሑድ የሴል ሽፋንን አንቺ ያዢ። ጥቁር ሰሌዳ የለንም፣ ትልቅ ወረቀትና ማርከር ግን ከኦዊኖ ስትመለሺ ይዘሽልን ነይ።