ዝና የማን ነው?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው አባባል ዘወትር ይነገራል እንጂ፣ ስምን ከመቃብር በላይ የሚያውለው ምን እንደ ሆነ እምብዛም አይጠየቅም። ጥያቄው ግን የኅብረተሰብን ሥነ ምግባር ከመሠረቱ የሚነካ ነው። አንድ ትውልድ ሲጫወት ያላየውን ሰው ስም እያነሣ ሲያወድስ፣ የሚያከብረው ሰውየውን ነው? ሥራውን ነው? ወይስ የጭብጨባውን ማሚቶ?

ከሸዋ ሮቢት አልፎ በደሴ መንገድ በሚገኘው በጀውሃ፣ በይፋት ቆላ የጨርቅ ኳስ እየጠቀለለ የሚያድግ ሕፃን የመንግሥቱ ወርቁን ስም ሊያገኝ የሚችለው ከአባቶች ወግ ወይም በእጅ ስልክ ከሚዘዋወር ፎቶግራፍ ነው። መንግሥቱ በ2003 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል፤ ስሙ ግን ዛሬም ከአፍ ወደ አፍ ይሻገራል።

ዝናው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ ለአፍሪካ ዋንጫ ከግብፅ ጋር ሲጋጠም፣ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም 4 ለ 2 አሸነፈ። የመደምደሚያዋን ግብ ያስቆጠረው መንግሥቱ ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች በጠቅላላው 10 ግቦችን አስመዝግቧል።

ይሁን እንጂ የዚያን ቀን አራቱ ግቦች የአራት የተለያዩ ተጫዋቾች ነበሩ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ የምታደርገውን ግብ ባያስቆጥር ኖሮ ተጨማሪ ሰዓት አይኖርም፤ የመንግሥቱም ግብ ባልተቆጠረች ነበር።

የይፋት ገበሬ ይህን እውነት ከደቦ ያውቀዋል። ማሽላ በሚታጨድበት ቀን ዜማውን የሚያወርደው አንድ ሰው ነው፤ ድምፁም ከሩቅ ይሰማል። ነገር ግን ተቀባይ ከሌለ ዜማው ይሰበራል፤ አጫጅ ከሌለም ዜማ ብቻውን ማሽላውን ከማሳ አያነሣም።

እንግዲህ የአንዱ ዝና የብዙዎችን ድካም ይሸፍናልና ይቅር ማለት ይገባልን? አይገባም። ስም የሌለው ሥራ ፈጥኖ ይረሳል፤ ሕፃንም ከሐሳብ ይልቅ በሰው አርአያነት ይማረካል። ስሕተቱ ስሙን ማንሣት ሳይሆን፣ ስሙን ከሥራውና ከጓደኞቹ ነጥሎ ማንሣት ነው።

መንግሥቱ መጫወት ካቆመ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ፣ እርሱ ያሠለጠነው ብሔራዊ ቡድን ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። በመለያ ምት ጊዜ አሠልጣኝ ከመስመሩ ውጭ ቆሞ ከመመልከት በቀር የሚያደርገው የለም፤ ያለው ዕውቀት ሁሉ አስቀድሞ ለሌሎች ተላልፏል። የዝና መለኪያም እዚህ ላይ ይገኛል። ተጫዋች በራሱ እግር ይወደሳል፤ አሠልጣኝ ግን በሌሎች እግር። የመጀመሪያው ዝና ከጉልበት ጋር ይደክማል፤ ሁለተኛው ሥራውን በሚረከበው ትውልድ ውስጥ ይኖራል።

ስለዚህ መምህሩ፣ የሕዝብ አደራጁና የኪነ ጥበብ ሰው የመንግሥቱን ስም ሲያነሡ ልምምዱን፣ ኳሷን ያቀበለውን፣ ከመስመሩ ውጭ የቆመውንም አብረው ሊያነሡ ይገባቸዋል። ስሙን ብቻ የወረሰ ሕፃን ጭብጨባን ይጠብቃል፤ ሥራውን የወረሰ ግን ኳሱን ለጓደኛው ያቀብላል።