መቶ ሚሊሜትር

ካናዳ፣ ዊኒፔግ ውስጥ ሐኪሙ ሃርቪ ቾቺኖቭና ባልደረቦቹ መዳን ለማይጠበቅላቸው 168 የካንሰር ሕሙማን 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያላት መስመር አቀረቡላቸው። አንዱ ጫፍ የመኖር ፍላጎት ሙሉ ነው፣ ሌላው ጫፍ ባዶ። ሕመምተኛው ጠዋትና ማታ ስሜቱ ያለበትን ቦታ በመስመሯ ላይ ያመለክታል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 «ላንሴት» ላይ ወጣ። በ12 ሰዓት ውስጥ የታየው ከፍተኛ ለውጥ በአማካይ ከ30 ሚሊሜትር በላይ ነበር፤ በ30 ቀን ደግሞ ከ60 ያልፋል።

ጠዋት የነበረው ማታ በሲሶ የሚጎድል ነገር ልኬት አለው ይባላል? መሣሪያው ደካማ ነው ብሎ መገላገል ይቻላል። እኔ ግን ማስመሪያው አልተሳሳተም ባይ ነኝ። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ የመኖር ፍላጎትን እንደ ቁመት አንዴ ተለክቶ የሚመዘገብ የሰውየው ንብረት አድርገነዋል። «እሱ ጠንካራ ነው፣ አይበገርም» ስንል ልክ ያወጣንለት ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የኮኖርና ዴቪድሰን የጽናት መለኪያም በ25 ጥያቄ ለሰው ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። ይጠቅማል፤ አልከራከርም። ግን ያለፈውን ወር በሙሉ ጠቅልሎ ነው የሚጠይቀው፤ ማታና ጠዋት እዚያ ውስጥ አይታዩም።

አያቴን እንዲህ ያለ መጠይቅ ቢሰጧት ምን ትመልስ ነበር? በመጨረሻው ሰሞን «እንዴት አደርሽ?» ስንላት ኦክስጅን ተሰክቶላትም ሆነ ተቀምጣ እየተጫወተች መልሷ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለዚህ እኔ የማየው ነጠላዋን ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራት ከደረቷ ላይ ገፍፋ ትጥለዋለች። ሲመለስላት ትስበውና ጥለቱን በጣቶቿ እያሻሸች «ቶናው ደረሰ?» ትላለች። ቡናውን የምትቀምሰው እንኳ ለወጉ ያህል ነበር።

በዊኒፔጉ ጥናት ፍላጎቱን ከሚወስኑት ነገሮች መጀመሪያ ላይ ጭንቀት፣ ቀጥሎ ድብርት ይጎላሉ፤ ሞት ሲቃረብ ግን የትንፋሽ ማጠር ይበልጣል። ነፍስንና እስትንፋስን ከአንድ ሥር ላበቀለ ቋንቋ ይህ ብዙም አዲስ ወሬ አይደለም። አዲስ የሚሆንብን ሌላው ነው፤ «ተስፋ ቆረጠ» የሚለው አነጋገራችን። መቀስ አንዴ ያረፈበት ክር ያስመስለዋል። መስመሯ የምታሳየው ግን ሲቆረጥ ሲቀጠል የሚውል ክር ነው።

ነገሩ ለክርክር ብቻ የሚሆን አይደለም። እዚያው ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መሞት የሚፈልግ ሕመምተኛ ሐኪም እንዲረዳው ሕግ ፈቅዷል። ታዲያ የትኛው ምልክት ነው የሰውየው ቃል፣ የጠዋቱ ወይስ የማታው? የማታውን «ሕመሙ ነው ያናገረው» ብሎ መጣል ንቀት ይመስለኛል፤ ማታም እኮ ያው ሰው ነው። ግን መልስ ከመስጠት በፊት ትንፋሹን ማየት ይገባል።

አያቴ አንድ ማታ «በቃኝ» አለች። ማንም አልተከራከራትም። እናቴ ትራሷን ከፍ አደረገችላት፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጋ እግሯ ሥር ተቀመጠች። ሲነጋ አያቴ የትናንቱ ቡና ቀጥኖ እንደነበር ነገረችን።