የሰው ገበና የማን ነው?

«ሳይኮሎጂ ልማር ነው» ስል ሳንጃ ውስጥ የማገኘው መልስ ከሁለት አያልፍም። ትልልቆቹ «የእብድ ሐኪም ልትሆኚ?» ይሉኛል። እኩዮቼ ደግሞ «በቃ፣ ከእንግዲህ ልታነቢን ነዋ!» ብለው ይስቃሉ። አንዳንዱ እየሳቀ ፊቱን በእጁ ይሸፍናል።

ለትልልቆቹ መልስ አላጣም። የአእምሮ ሐኪም ለመሆን መጀመሪያ ሕክምና መማር፣ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን የስፔሻሊቲ ትምህርት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከእኔ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም። እኔ ልማረው ያሰብኩት ሳይኮሎጂ ግን መድኃኒት ማዘዝ የለበትም። በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀ ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ አማካሪ ይሆናል፣ በእርዳታ ድርጅት ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ይቀጠራል። ሰው አስቀምጦ ላክም ካለ ገና ብዙ መማር ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ ሳስረዳ «ታዲያ ምን ልታደርጊበት ነው?» ይሉኛል። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የከበደኝ የእኩዮቼ ቀልድ ነው። ፊቱን የሚሸፍነው ልጅ እየቀለደ እውነተኛ ጥያቄ እየጠየቀኝ ነው። የሰውን ውስጥ የማወቅ መብት ከየት ይመጣል? ዲግሪ ይሰጠዋል እንዴ?

ምደባው የትም ይድረሰኝ፣ ለዝግጅት ብዬ ክረምቱን ሙሉ የያዝኩት የአንደኛ ዓመቱን የጄኔራል ሳይኮሎጂ ሞጁል ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ዲፓርትመንት ከመምረጡ በፊት የጋራ ኮርሶች ይወስዳል፤ ይኼ አንዱ ነው። ፒዲኤፉ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ይዞራል። ገና ከመጀመሪያው የሳይኮሎጂ ግቦች አራት እንደሆኑ ይነግራችኋል፦ የሰውን ባሕርይ መግለጽ፣ ምክንያቱን ማብራራት፣ ወደፊት ምን እንደሚያደርግ መተንበይ፣ እና መቆጣጠር። ሦስቱን ቶሎ አለፍኳቸው። አራተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። መቆጣጠር? ማንን? በማን ፈቃድ?

በበጎ ከተረጎምነው ነገሩ ክፉ አይደለም። ሱስ ማስተውም፣ የፈራ ልጅን ማደፋፈርም ባሕርይን መቆጣጠር ነው። የመስኩ የራሱ ታሪክ ግን ሁልጊዜ በጎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920 አሜሪካ ውስጥ ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር «አልበርት» ብለው የጠሩትን፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነጭ አይጥ እንዲፈራ አስተማሩት። አይጧን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመታሉ፤ ሕፃኑ ይደነግጣል። ይህን ደጋገሙት። በመጨረሻ ድምፁ ባይኖርም አይጧን ሲያይ ብቻ ማልቀስ ጀመረ። ገለጹ፣ አብራሩ፣ ተነበዩ፣ ተቆጣጠሩ፤ አራቱም ግቦች ተመቱ። ልጁ ግን ያስያዙትን ፍርሃት ሳይነቅሉለት ሄደ።

«እሱ የሩቅ አገር ታሪክ ነው» ለሚለኝ የቅርብ አለኝ። ከሳንጃ በትክል ድንጋይ አድርጋችሁ ጎንደር ግቡ። እ.ኤ.አ. በ1932፣ በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከዳካር ወደ ጅቡቲ አፍሪካን አቋርጦ ሲጓዝ ጎንደር ላይ ለወራት ተቀምጦ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ሚሼል ሌሪስ የተባለ ጸሐፊ ነው። ሌሪስ በዛር ፈዋሽነቷ የታወቀች አንዲት የጎንደር ሴት ቤት እየተመላለሰ፣ ሰው ዛር ሲይዘው የሚናገረውን፣ የሚያጓራውን፣ የሚዘፍነውን በማስታወሻው ያዘ። የጉዞ ማስታወሻው በ1934 ፓሪስ ታተመ። በ1958 ደግሞ ስለ ጎንደር ዛር ራሱን የቻለ መጽሐፍ አወጣ። የሴትየዋም የልጇም ስም ታትሟል። እኔ እዚህ አልጽፈውም። ያው ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳው አንስቶ፣ በምትካቸው ቅጂ አስቀምጦ፣ ዋናዎቹን ፓሪስ ወስዷቸዋል።

ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ተብሏል። ሥዕል ሲወሰድ ግድግዳው ይመሰክራል። ገበና ሲወሰድ ግን ቤቱ ውስጥ የጎደለ ዕቃ አይታይም፤ ስለዚህ «ሌባ!» ብሎ የሚጮህም የለም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሌሪስ ባይጽፍ ኖሮ ስለዚያ ዘመን የጎንደር ዛር የምናውቀው በጣም ያነሰ ይሆን ነበር። ሰብሮም አልገባም፤ በር ተከፍቶለት ነው የገባው። የኔ ጥያቄ በሩ ለምን ተከፈተ የሚል ነው። ሰው እንግዳ ብሎ ቤቱ ሲያስገባህ የፈቀደልህ እንድትገባ ነው። ያየኸውን ይዘህ እንድትወጣ የፈቀደልህ መቼ ነው? ለአንድ ነገር የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አያገለግልም። ይህ ከሌሪስ ይልቅ እኔን ይመለከታል፤ እኔ በሩ ሳይከፈት ዘው የምልበት አገር ልጅ ነኝ። ጎረቤት ነኝ፣ ቡና የሚጠራኝ ብዙ ነው።

ደግሞ በእኛ ቋንቋ ሰው ጭንቁን የሚያስቀምጠው ጭንቅላቱ ውስጥ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ነው። ሆድ ይብሰዋል፣ ሆዱ ባር ባር ይለዋል፣ ሲችለው ሆደ ሰፊ ይባላል። መናገር የማይገባውን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይተወዋል። ገበናውን የሸፈነ ሰው ጨዋ ነው፤ የሰው ገበና ያወጣ ባለጌ ነው። እኔ አሁን ልማር የምሄደው «ተናገር፣ ይቀልሃል» የሚል ትምህርት ነው። ካሳደገኝ ሰው ጋር ገና ከበሩ ልንጋጭ ነው።

ግን ዝምታውም በነፃ አይገኝም። ይህ አካባቢ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት አይቷል፤ ከ2015 ክረምት ወዲህም ሰላም ተርቧል። ከሰሊጥ አጨዳ ታሞ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ፣ ከልጇ ድምፅ ከሰማች የቆየች እናት፣ በሌሊት የሚቃዥ ወጣት፣ «እንዴት ነህ?» ሲባል ሁሉም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውም የእኛው አባባል ነው። ስለዚህ «ገበናቸውን ላክብር» ብሎ ዞር ማለት ሁልጊዜ ጨዋነት አይደለም። አንዳንዴ እንዳይከብደን የምንሸሽበት ጥሩ ስም ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? መክፈት ድፍረት ከሆነ፣ አለመክፈትም መተው ከሆነ?

ሁለት ነገር ሐሳቤን አጠራልኝ። አንደኛው ከዚምባብዌ ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ፣ ሐኪሙ ለሁሉም እንደማይዳረስ ሲያውቅ፣ የሰፈር አያቶችን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተደረገ፤ አያቷ ትቀመጣለች፣ የጨነቀው ሰው መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል። ስሙም የወዳጅነት አግዳሚ ሆነ። አያቶቹ ሕመሙን የሚጠሩት በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ብለው ነው፤ ሐሳብ ማብዛት እንደማለት። የእኛዎቹ «ሐሳብ በዝቶባት ነው» እንደሚሉት ማለት ነው። በ2016 የታተመ ጥናት እዚያ የተቀመጡ ሰዎች ጭንቀትና ድብርታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። እኔን የገረመኝ ግን አቀማመጡ ነው። አያቷ የማንንም በር አላንኳኳችም፤ ግን ጠፍታም አልቀረችም። ሁልጊዜ እዚያው አለች። ተነስቶ የሚመጣው ባለቤቱ ነው፣ ምን ያህል እንደሚናገር የሚወስነውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ከእርሻችን ነው። አገሬ የሰሊጥ አገር ነው። ሰሊጥ ማሳ ላይ ቆሞ እስኪከፈት ከተጠበቀ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ይታጨዳል፣ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶው ተደጋግፎ ይቆማል። ከዚያ ይጠበቃል። ደርቆ ራሱ ሲከፈት ሸራ ተነጥፎ፣ ነዶው ተዘቅዝቆ ይራገፋል። አንድ በአንድ ልፈልቅቅ የሚል ገበሬ የለም። ትቶት የሚሄድም የለም፤ ዝናብ አለ፣ ምስጥ አለ፣ እሳት አለ። ጠብቆ መቀመጥ ራሱ ሥራ ነው። ሸራ ሳያነጥፍ የሚያራግፍ ደግሞ የሰውን ልፋት ሜዳ ላይ በተነ።

ከነዚህ ሁለት ነገሮች የደረስኩበት ይህ ነው፦ ገበና የባለቤቱ ነው፤ ሰሚ የሚይዘው በውሰት ነው። ውሰት የተሰጠህን ዕቃ አትሸጠውም፣ ለሌላ አታውሰውም፣ ባለቤቱ «በቃ» ካለ ትመልሳለህ። ዲግሪ ይህን መብት አይሰጥም። ዲግሪ የሚያስተምረው ቢበዛ ሸራውን ማንጠፍ ነው፦ ምን እንደሚጠየቅ፣ መቼ ዝም እንደሚባል፣ የሰሙትን የት እንደሚያስቀምጡ። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ሰው ሕይወቱን ሊያጠፋ ካሰበ ምስጢር ብዬ ዝም አልልም። ግን ይህንን ገደብ ሰውየው ከመናገሩ በፊት ማወቅ አለበት፤ ከተናገረ በኋላ ከነገርኩት ወጥመድ ነው።

ይህ ለወደፊት ባለሙያ ብቻ የሚሆን ጨዋታ አይደለም። እኛ ልጆች ገና ክፍል ሳንገባ ቲክቶክ ላይ ተመርቀናል። የተጣላን ሁሉ «ናርሲሲስት» ነው፣ ያልተመቸን ሁሉ «ቶክሲክ» ነው፣ ዝም ያለ ሁሉ «ትራውማ» አለበት። ስም ማውጣት ማወቅ ይመስላል። እኔ ግን የሞጁሉን አራተኛ ግብ ነው የማየው፤ ሰውን በአንድ ቃል ከያዝከው በኋላ የሚናገረው ሁሉ የዚያ ቃል ማስረጃ ይሆንብሃል፤ መስማት ያቆምከው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ያልፈታሁት ነገር ቀርቷል። ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን በቡድን ወደ ገጠር መላክ ሲጀምር፣ ሐሳቡ ባለሙያው ሰው ወዳለበት ይሂድ የሚል ነበር። ለሆድ ሕመምም እንዲሁ ቢሆን እመኛለሁ፤ ተምሬ ሳንጃ ብመለስ ደስ ይለኛል። ግን ሳንጃ ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ እኔ «ሳይኮሎጂስቷ» አልሆንም፤ የእገሌ ልጅ ነኝ። ዛሬ ምስጢሯን የነገረችኝ ሴት ነገ ገበያ ታገኘኛለች፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከእናቴ ጎን ትቆማለች። የንስሐ አባት ይህን አደራ ይዞ እዚሁ ከተማ ይኖራል፤ ከጀርባው ግን የብዙ መቶ ዓመታት መታመን አለ። ከእኔ ጀርባ ያለው የአራት ዓመት ትራንስክሪፕትና የመውጫ ፈተና ነው።

ስለዚህ ከብርድ ልብሱ፣ ከበሶውና ከሎከር ቁልፉ ጋር አንድ ሌላ ዝግጅት ጀምሬያለሁ። ሰው «ደህና ነኝ» ሲለኝ የመጀመሪያውን «ደህና» ለወጉ እተውለታለሁ። ትንሽ ቆይቼ፣ ቡናው መሃል ሰው ሲቀንስ፣ ሁለተኛ እጠይቃለሁ። ሦስተኛ አልጠይቅም። ከነገሩኝ የሰማሁት እኔ ጋር ይቀራል፤ ለጓደኛዬም «ስሟን አልነግርሽም እንጂ አንዲት ሴት…» ብዬ አልጀምርም። ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ከባድ ነው፤ ሞክሩት።

ከአራት ዓመት በኋላ ዲግሪዬን ይዤ ስመጣ የሰፈሬ ሴቶች ይነግሩኝ እንደሆነ አላውቅም። ባይነግሩኝ መብታቸው ነው። ከነገሩኝ ግን ሸራው ተነጥፎ ይጠብቃቸው።