የሌላ ሰው ሃያ ደቂቃ

 

የዛሬው ነገራችን ስለ ሐቅ ነው፤ ግን ስለ ብር ወይም ስለ መሬት ሐቅ አይደለም። አስራ ሁለት መንገደኛ የያዘች ሚኒባስ ውስጥ እንዳላችሁ አስቡ። አስጎብኚው «በሃያ ደቂቃ ውስጥ እዚህ እንገናኝ» ብሎ አወረዳችሁ። ሰዓቱ ሲደርስ አስራ አንዱ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ የለም። አንዲት እናት ልጇን ታባብላለች፣ አስጎብኚው ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል። ሌላ ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ያ ሰው ፈገግ እያለ ይመጣል። «ይቅርታ፣ እየሰገድኩ ነበር» ይላል። ወይም ደግሞ «ፎቶ እያነሳሁ ነበር»።

ይህ ሰው የወሰደው ነገር አለ ወይ? ካለስ የማንን?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይንጠለጠል አንድ እውነተኛ መንገድ እንያዝ። አውስትራሊያ ውስጥ፣ በቪክቶሪያ ግዛት፣ ግሬት ኦሽን ሮድ የሚባል የባሕር ዳርቻ መንገድ አለ። ሜልበርን ዘመድ ያላችሁ ስሙን ሰምታችኋል፤ እንግዳ ሲመጣ ፉትስክሬይ ወስደው እንጀራ ካበሉት በኋላ «ያንን መንገድ ሳታይማ አትመለስም» ይሉታል። ዘመዶቹ ሥራ ስላለባቸው ትንሽ ቡድን ይዞ ውሎ የሚመለስ ሚኒባስ ያስይዙለታል። መንገዱ ከቶርኪ እስከ አላንስፎርድ 243 ኪሎ ሜትር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ አብዛኛውን በዶማና በአካፋ ገደሉን እየፈለጡ ሠሩት፤ በ1932 ተመረቀ። የሠሩት ከጦርነቱ ላልተመለሱ ጓደኞቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ዛሬ በደስታ የምንፈስበት መንገድ በሐዘን የተሠራ መሆኑን ብዙ ተጓዥ ከእንጨቱ ቅስት ሥር ፎቶ ተነስቶ ሲያልፍ ልብ አይለውም።

በዚህ ጉዞ ላይ ሰዓት ለምን እንደሚጠብብ ማወቅ አለባችሁ። መኪናው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት 1፡30 ገደማ ይነሳል፣ የሚመለሰው ማታ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ አይፈጠንበትም። የሹፌሩ የሥራ ሰዓትም በሕግ የተወሰነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሹፌሩም አስጎብኚውም ያው አንድ ሰው ነው። በየፌርማታው ያለው ጊዜ የተቆረጠ ነው። በእነርሱ ክረምት፣ በእኛ ሰኔ፣ ፀሐይ 11 ሰዓት ከአስር ገደማ ትጠልቃለች። እንግዲህ ከረፋዱ ላይ፣ ኮአላ ለማየት ከቆማችሁበት ኬኔት ሪቨር የባከነችው ሃያ ደቂቃ ወዲያው አትታይም። የምትታየው መጨረሻ ላይ ነው። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ስትደርሱ ጨልሟል።

ሂሳቡን እንሥራ። አስራ አንድ ተሳፋሪና አንድ ሹፌር እያንዳንዳቸው ሃያ ደቂቃ ጠበቁ። 240 ደቂቃ፣ ማለትም አራት ሰዓት ነው። «አራት ሰዓት የጠፋበት ሰው እኮ የለም፤ እያንዳንዱ የጠፋበት ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ደግሞ ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ጉዳት እንደ ጤፍ ተሰፍሮ የሚደመር ነገር ነው ወይ የሚለው ራሱ አከራካሪ ነው። እኔ ግን ድምሩን ትቼ አንዱን ሰው ብቻ እይዛለሁ። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ የከፈለ፣ ሁለተኛ ወደዚያ የማይመለስ ሰው ነው። የእርሱ ሃያ ደቂቃ ያንን የመጨረሻ ቦታ በብርሃን ማየት ነበረች። አንድ ብር ከኪሱ ብንወስድበት «አንድ ብር ምን አላት» አንልም፤ ሐቅ መሆኑን እናውቃለን። ሰዓት ሲሆን ግን እጃችን ላይ የተገኘ የሌላ ሰው ንብረት መሆኑ ይጠፋብናል። ብሩ እንኳን ይመለሳል።

አሁን ወደ ከባዱ ምክንያት እንምጣ፤ ወደ ሶላት። ብዙ ደግ ወጣት እዚህ ላይ ይሳሳታል። «የአላህን ሐቅ እየተወጣሁ ነው፤ ቢጠብቁኝ ምን አለበት» ይላል። የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ብናይ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው። ሶላት ሊያረዝሙ አስበው ገብተው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ያሳጥሩ ነበር። ሙዓዝ (ረ.ዐ) ሰዎችን እያሰገደ ቂርኣቱን ሲያስረዝም፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ አንድ ሰው ደክሞት ተነጥሎ ሰገደ። ክሱ ነቢዩ ዘንድ ሲደርስ የተገሰጸው ሙዓዝ ነው እንጂ የደከመው ሰው አይደለም። ያውም ሰዎቹ ሊሰግዱ የመጡ ሙእሚኖች ናቸው! ሶላት ምን እንደሆነ የማያውቅ ተሳፋሪ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ስለ ዲናችን ምን ይዞ እንደሚወርድ አስቡት።

ይህን ስል «እንግዲያውስ ይቅር፣ ማታ ቤት ገብቼ ቀዷ አወጣለሁ» ለሚለው ሰው በር እየከፈትኩ አይደለም። እርሱም ሌላ ስህተት ነው፤ ምናልባትም የበለጠው። ሁለቱም የሚመጡት አስቀድሞ ካለማሰብ ነው። ሸሪዓችን ለመንገደኛ ሩኽሷ የሰጠው ለዚሁ ነው። ይህ ጉዞ ከሜልበርን ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ስለሆነ ዙህርና ዐስርን ሁለት ሁለት ረከዓ አድርጋችሁ፣ አንድ ላይ ሰብስባችሁ መስገድ ትችላላችሁ። አስር ደቂቃ አይፈጅም። (በሐነፊ መዝሀብ የምትሰግዱ፣ በተለይ የወሎ ልጆች፣ የመሰብሰቡ ነገር እናንተ ጋ ይለያልና ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።) ምሳ የሚበላው ብዙ ጊዜ አፖሎ ቤይ ነው፤ ከባሕሩ ዳር ሰፊ ሣር አለ። ቂብላው ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው። በክረምት ምሳ ሰዓት ላይ ዙህር ገብቶ ይሆናልና ሁለቱንም እዚያው ጨርሳችሁ መነሳት ትችላላችሁ። በበጋ ግን ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉ ዙህር የሚገባው ከ7 ሰዓት በኋላ ነው፤ ምሳው ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ያኔ አዘግይታችሁ በዐስር ወቅት መሰብሰብ አለ። ይህንን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ ማየት ነው እንጂ ሰው መኪና ውስጥ ቁጭ ካለ በኋላ መፈለግ አይደለም።

ጠዋት ስትሳፈሩ ለአስጎብኚው ንገሩት። «በምሳ ሰዓት አስር ደቂቃ እጸልያለሁ፣ ሰዓቴን አሳልፌ ማንንም አላስጠብቅም» ማለት ብቻ ነው። ማፈር አያስፈልግም። ሰው የሚሰለቸው የማይነገረው ነገር ሲደርስበት ነው። (ስለ ምሳ ከተነሳ፦ «ዓሣና ድንች ነው፣ ምን ችግር አለው» ብላችሁ አትዘዙ። በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉና ዘይቱ ምን እንደሆነ ጠይቁ።) ደግሞም ቀኑን መምረጥ የእናንተ ከሆነ ጁሙዓን ተዉትና ቅዳሜ ሂዱ።

ሁለተኛው ምክንያት ማየት ነው። አላህ በምድር ላይ እንድንሄድና እንድንመለከት በቁርኣኑ በተደጋጋሚ አዞናል። ስለዚህ «ተፈኩር ላይ ነበርኩ» የሚል ሰው መሠረት የለውም አይባልም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ አብዛኞቻችንን የሚያስዘገየን ተፈኩር ሳይሆን አርባኛው ፎቶ ነው።

ሃያ ደቂቃ ለማየት ታንሳለች ወይ? አስራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚባሉትን ቋጥኞች እንውሰድ፤ ስሙ የተወሰደው ከዒሳ (ዐ.ሰ) ሐዋሪዮች ነው። አስራ ሁለት ግን ሆነው አያውቁም። ዘጠኝ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 አንዱ፣ ሃምሳ ሜትር ገደማ ቁመት የነበረው፣ በሰከንዶች ውስጥ ፈርሶ ባሕር ውስጥ ገባ። አሁን ስምንት ናቸው። ከዚያ ወዲያ ለንደን ብሪጅ ይባል የነበረ፣ ከመሬቱ ጋር እንደ ድልድይ የተያያዘ ቋጥኝ ነበር። በጥር 1990 ሁለት ጎብኚዎች ተሻግረውት ጫፉ ላይ ሳሉ ከኋላቸው ያለው ክፍል ተደርምሶ ባሕሩ መሀል ቀሩ፤ በሄሊኮፕተር ነው የወጡት። የረገጡት መንገድ ደቂቃም አልቆየም። ቆመው የምናያቸው ተራሮች እንደ ደመና የሚያልፉበት ቀን እንዳለ የምናምን ሰዎች ነን፤ እዚህ ቦታ ላይ ደግሞ ምልክቱን በዓይናችን እናያለን። ይህንን ለማሰብ ስልኩን ኪስ ውስጥ ከትቶ አምስት ደቂቃ መቆም ይበቃል። ሱብሐነላህ ብሎ ዝም ማለት። ስልኩ ካልገባ ሦስት ሰዓት ቢሰጠንም ያው ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መውሰድ ነው። መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይደባልቁታል። ሰዓት አክባሪ የሆነ ሰው ክፉኛ ሊደርቅ ይችላል። አንዲት እርጅና የተጫናቸው እናት ደረጃውን ቀስ እያሉ ሲወጡ ከኋላ ሆኖ «አስረፈዱን» እያለ የሚያጉረመርም ሙስሊም አይመጥነንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ወደ ኋላ ቀርተው ደካማውን ያግዙ፣ አፈናጠው ይወስዱና ዱዓ ያደርጉለት ነበር። መሪ ሆነው ሳለ ከኋላ! እናም ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፦ የራሴን ሃያ ደቂቃ ለሌላው መስጠት እችላለሁ፤ የሌላውን ለራሴ መስጠት አልችልም። ሴትዮዋን ክንዳቸውን ይዛችሁ አብራችሁ ብታረፍዱ፣ መኪናው ውስጥ ያሉት ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። እንዲህ ያለውን መዘግየት ሰው በራሱ ፈቃድ አብሮ ይሸከመዋል።

ከቋጥኞቹ ትንሽ አለፍ ብሎ ሎክ አርድ የሚባል ገደል አለ። ሰኔ ውስጥ ከዘገያችሁ በጨለማ የምታልፉት እርሱን ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1878 ከባሕሩ ዳር አጠገብ ከሰበረችው መርከብ ነው። 54 ሰው ነበረባት፤ የተረፉት ሁለት ናቸው። ቶም ፒርስ የሚባል ለማጅ መርከበኛና ኢቫ ካርማይክል የምትባል ልጅ፤ ሁለቱም ወጣቶች፣ በእናንተ ዕድሜ። ቶም ማዕበሉ ገፍቶት ዳር ወጥቷል፤ ድኗል። ከዚያ የሰው ጩኸት ሰማ። ተመልሶ ወደ ውኃው ገባና ኢቫን ይዞ ወጣ። ዋሻ ውስጥ አስተኝቷት ገደሉን ወጥቶ ሰው ፈልጎ አመጣ። አብረዋት መርከቧ ላይ የነበሩ ቤተሰቦቿ ግን በሙሉ አልቀዋል። የዳነውን ጊዜውን ይዞ አሸዋው ላይ መተኛት ይችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ሰጠው።

ዛሬ ጁሙዓ ነውና ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችኋል፣ ወይም ከመግሪብ በፊት ትቀራላችሁ። ሙሳና ኸድር (ዐለይሂመ ሰላም) ጋ ስትደርሱ ትንሽ ቆም በሉ። እርሱም በባሕር ዳር የተደረገ፣ መሪና ተከታይ ያለበት ጉዞ ነው። ሙሳ ነቢይ ናቸው፤ ግን ተከታይ ለመሆን ሲስማሙ የመሪውን ቅድመ ሁኔታ ተቀበሉ። ሲያፈርሱትም ምክንያታቸው ከኛ ፎቶ ጋር አይነጻጸርም፤ መርከብ ሲሰበር፣ ነፍስ ሲጠፋ አይተው ነው። እንዲያም ሆኖ «ጥፋቴን ዕዩልኝ፣ ምክንያት ነበረኝ» ብለው አልተሟገቱም። ዳግም ብጠይቅ መለየት ይገባሃል ብለው በራሳቸው ላይ ፈረዱ። የሚኒባሱ አስጎብኚ ኸድር አይደለም፤ ቀልድና የሙዚቃ ምርጫውም ላይመቸን ይችላል። ግን ጠዋት ተሳፍረን «እሺ» ስንል ቃል ገብተናል።

አሁንም ዘግይታችሁ ቢሆንስ? ተሳስቶ መዘግየት አለ፣ መንገድ መጥፋት አለ፣ ሆድ መታመም አለ። ኢስቲግፋር መልካም ነው፣ ግን የሰው ሐቅ ከባለቤቱ ጋር ካልተጨረሰ ይቀራል። የሰፈር ሰው ቢሆን ነገ መስጂድ በር ላይ አግኝታችሁ አውፍ በለኝ ትሉታላችሁ። እነዚህን ሰዎች ግን ከዛሬ በኋላ አታገኟቸውም። ስማቸውን እንኳን በሙሉ አታውቁም። መኪናው ማታ በኮላክ በኩል በዋናው መንገድ ሲመለስ ጨለማ ነው፣ ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ ሬዲዮው ዝቅ ብሏል። ሜልበርን ሲገባ ሁሉም አንድ ቦታ አይወርድም፤ አንዱ ሆቴሉ በር ላይ፣ ሌላው ባቡር ጣቢያው ጋ፣ አንድ አንድ እያለ ይበተናል። አውፍ የምትባባሉበት ጊዜ የመጀመሪያው ሰው በሩን ከፍቶ እስኪወርድ ድረስ ያለችው ናት።